ኀዘኑ ግሡ ላይ ነው፦ የሞት፣ የፍቅርና የመለየት ግጥም አነባበብ

ጥያቄ፦ «ስለ ሞት፣ ስለ ፍቅር፣ ሰው ስለ ማጣት የተጻፉ ግጥሞችን ማንበብ እወዳለሁ። አንዳንዱን አንብቤ ስጨርስ ግን ምንም አይሰማኝም፤ ሌላው ደግሞ ይዞኝ ይሄድና ለቀናት አይለቀኝም። ሰው ፊት ጮክ ብዬ ሳነብ ድምፄ ይሰበራል። አነባበቡ ዘዴ አለው ወይስ የስሜት ጉዳይ ብቻ ነው?»

ምላሽ፦ ዘዴ አለው። ሦስቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ይመስላል፤ ግጥሙን የሚጀምሩት ከአርእስቱ ነው። «ይህ የሞት ግጥም ነው» ብሎ ለማንበብ የተቀመጠ ሰው ኀዘኑን ከራሱ ጓዳ አውጥቶ ግጥሙ ላይ ያፈስሳል። ጓዳው ባዶ በሆነ ቀን ምንም አይሰማውም። ሞልቶ በቆየ ቀን ደግሞ የሚያለቅሰው ለራሱ ነውና መጽሐፉ ቢከደንም ለቅሶው አይከደንም። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ ገጣሚው ኀዘኑን የት እንዳስቀመጠው መፈለግ ነው። በአማርኛ ግጥም «እንባ»፣ «መቃብር»፣ «ልቤ ደማ» የሚሉት ቃላት ጋ ሄደው ከፈለጉ ብዙ ጊዜ አያገኙትም። ግሡ ጋ ይሂዱ።

የአማርኛ ግሥ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሲመጣም ብቻውን አይመጣም፤ ማን እንዳደረገ፣ ለማን እንደሚነገር፣ ነገሩ ማን ላይ እንደ ወደቀ ይዞ ይመጣል። «ሞተ» ዜና ነው። «ሞተብኝ» ሲል ግን ሞቱ የሟቹ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ተናጋሪው ላይ የወደቀ ነገር ይሆናል። «ሞተልኝ» ካለ ደግሞ በአንዲት «ል» ምክንያት ውለታና የማይከፈል ዕዳ ይገባበታል። «ቤቱ ጨለመ» እና «ቤቱ ጨለመብኝ» የሚለያዩት በሁለት ፊደል ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ቤት፣ ሁለተኛው ስለ ሰው ይናገራል። እርሳስ ይዘው ያንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ግሡን ሁሉ ያስምሩበት፤ ከየግሡ ሥር ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚሉትን በአጭሩ ይጻፉ። ለ16 ስንኝ ግጥም አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሥራው ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን «ምንም አይሰማኝም» ለሚል አንባቢ ከዚህ የተሻለ መግቢያ በር የለም።

«መቼ» የሚለው በተለይ ይጠበቅ። «ሲመሽ ይስቃል» የፍቅር ስንኝ ነው። «ሲመሽ ይስቅ ነበር» ሲባል ያው ሳቅ የሌለ ሰው ሳቅ ሆነ። ጥሩ ገጣሚ «ነበር»ን አያባክናትም፤ ብዙ ስንኝ በአሁን ጊዜ ወስዶን፣ ሰውየው ከፊታችን እየበላ፣ እየተቆጣ፣ እየዘፈነ ካሳየን በኋላ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያስገባታል። የመጀመሪያዋን «ነበር» ካገኙ ግጥሙ የሚታጠፍበትን ክርን አገኙ ማለት ነው። እንደ «ሄዶ»፣ «ትቶኝ»፣ «ሳይሰናበተኝ» ያሉት ግሦችም ሌላ ግሥ ካልተከተላቸው ዐረፍተ ነገሩን አይዘጉም። ግጥሙ በእንዲህ ያለ ግሥ ካለቀ ስሕተት አይደለምና በልብዎ «…ሄደ» እያሉ አይሙሉት። ክፍት የቀረው ሆን ተብሎ ነው፤ የተለየን ሰው የመጨረሻ ቃል ሳንሰማ መቅረታችንን ሰዋስው ራሱ ይናገረዋል።

የሞት ስሞችም ምርጫ ናቸው። «አረፈ» ከሞቱ በፊት የነበረውን ስቃይ ያስታውሳል። «አንቀላፋ» መንቃትን በውስጡ ይዟል። «ተለየን» በቀሩት ዓይን ያያል። «ሄደ» በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። «ሞተ» ግን ይዘጋዋል። አንድ ግጥም ዐሥር ስንኝ ሙሉ «ሄደች» ሲል ቆይቶ ዐሥራ አንደኛው ላይ «ሞተች» ካለ፣ ተናጋሪው እስከዚያች ስንኝ ድረስ ቃሉን መጥራት አልቻለም ነበር። ያችን ስንኝ ከሌሎቹ ጋር በእኩል ፍጥነት አንብቦ ማለፍ ግጥሙን ሳያነቡ መቅረት ነው።

አሁን «ለማን» ወደሚለው እንምጣ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነውና። ምሳሌው ብዙ አንባቢ ቤቱ ያለው ጽሑፍ ይሁን፤ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን የተቀኘው የኀዘን ቅኔ፣ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1፣ ከቁጥር 19 እስከ 27። ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ነው። ሞትም፣ ፍቅርም፣ መለየትም አንድ ላይ አሉበት። ሲያነቡት ዳዊት ለማን እንደሚናገር ብቻ ይከታተሉ። መጀመሪያ ለእስራኤል ይናገራል፤ ሕዝባዊ ኀዘን ነው። ቁጥር 20 ላይ ወሬው ጠላት አገር እንዳይደርስ ይከለክላል። ቁጥር 21 ላይ የጊልቦዓን ተራሮች ይረግማል። ቁጥር 22 እና 23 ሁለቱን ጀግኖች በሦስተኛ መደብ፣ እንደ ታሪክ ያወድሳል። ቁጥር 24 ላይ የእስራኤልን ሴቶች ለሳኦል እንዲያለቅሱ ይጠራል፤ ለንጉሡ የሚያለቅስ ሌላ ሰው ያዘጋጃል። ቁጥር 25 ዮናታን ወደቀ ይላል፤ አሁንም ስለ እርሱ እንጂ ለእርሱ አይናገርም። ቁጥር 26 ላይ ግን ሁሉንም ይተውና ወደ ሟቹ ዞሮ «ወንድሜ» ይላል፤ «አንተ» ይለዋል። አገሩ፣ ተራራው፣ ሴቶቹ ሁሉ ጠፍተው ሁለት ሰው ብቻ ይቀራል፤ ከሁለቱ አንዱ አይሰማም። ከዚያ ቁጥር 27 ወደ ሕዝቡ አዝማች ይመለሳል፤ በዚህ ቁጥር የማንም ስም የለም። የኃያላኑን መውደቅ የሚያነሣው አዝማች ሦስት ጊዜ (በቁጥር 19፣ 25 እና 27) ይመጣል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ቃሉ ያው ሆኖ ክብደቱ ሌላ ነው፤ መካከል ላይ «አንተ» ተብሏልና።

በምንም ዓይነት የኀዘን ግጥም ይህችን መዞሪያ ይፈልጓት። ከ«እርሱ» ወደ «አንተ»፣ ከ«እርሷ» ወደ «አንቺ» የሚዞርበት ስንኝ ብዙ ጊዜ የግጥሙ ልብ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ በ«አንቺ» የጀመረ የፍቅር ግጥም መጨረሻው ላይ «እርሷ» ካለ ተስፋ የተቆረጠው እዚያ ነው።

የአማርኛ የኀዘን ዓይነቶችም የሚለዩት በዚሁ ነው። ሙሾ ለሟቹ ወይም ለለቀስተኛው ፊት ለፊት ይነገራል፤ አልቃሿ አውጥታ ትገጥማለች፣ ሰው በለቅሶ ይቀበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሁለት ስንኝ ለብቻው የቆመ ነው፤ በመካከሉ የሰው ድምፅ የሚገባበት ቦታ አለ። መጽሐፍ ላይ ሲታተም ያ ቦታ ይጠፋና ስንኞቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ሙሾ በጽሑፍ ሲያነቡ ከየሁለቱ ስንኝ በኋላ ቆም ይበሉ፤ ሙሾን በተከታታይ ማንበብ ሰው መልስ ሳይሰጥ እንደ መናገር ነው። እንጉርጉሮ ማንንም አይጠራም፤ ሰው ለራሱ የሚያጉረመርመው ስለሆነ ከፍ ባለ ድምፅ ሲያነቡት ይሞታል። ትዝታ የሚነጋገረው ከትዝታው ከራሱ ጋር ነው፤ እንደ እንግዳ «መጣህ ወይ» ይለዋል። ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሣበት ስለሚመለስ ድምዳሜ አይጠብቁበት።

አሁን ወደ ምቱ። ለማሳያ የተዘጋጀ ሁለት ስንኝ ይኸው፦

በሩን አልዘጋሁም፣ እስክትመጣ ድረስ፤
ነፋስ ገባ ወጣ፣ ግድግዳ ሲዳስስ።

እያንዳንዱ ስንኝ 6 እና 6 ቀለም (አንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፍል) ነው፤ ወል ቤት የሚባለው። ሲቆጥሩ አናባቢ የሌለው ሳድስ ፊደል ከፊቱ ካለው ጋር ይቆጠራል፤ «በሩን» ሦስት ፊደል ቢሆንም ሁለት ቀለም ነው። 5 እና 5 ሲሆን ሰንጎ መገን፣ 4 እና 4 ሲሆን ቡሄ በሉ፣ 8 እና 8 ሲሆን የፀጋዬ ቤት ይባላል። ይህ ለምን ይጠቅማል? ምቱ ሲታወቅ መጉደሉም ይታወቃል። ስድስት ስድስት እያለ ሲሄድ የነበረ ግጥም አንድ ቦታ ላይ አምስት ካለ ተናጋሪው እዚያ ትንፋሽ አጥሮት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ግን ቆጠራዎን ያጣሩ፤ ከዚያ የኅትመት ስሕተት አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ትርጉም የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እነዚህን ሁለት ስንኞች ደግመው ይዩአቸው። ሞት የሚል ቃል የለም፤ ኀዘንም የለም። «አልዘጋሁም» አሉታ ነው፤ የተደረገ ነገር ሳይሆን ያልተደረገ ነገር ነው የሚነገረን። «እስክትመጣ» የሚለው ሰው ሁለተኛው ስንኝ ላይ መምጣት ነበረበት፤ የመጣው ነፋስ ነው። ነፋሱም እንደ ዓይነ ስውር ግድግዳ እየዳሰሰ ሰው ይፈልጋል። «ድረስ» ቀጠሮ ያለው ቃል ነው፤ ቀጠሮው የማይፈጸም መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም። ስሜቱን አንባቢው ራሱ ደረሰበት፤ ሰው ራሱ የደረሰበትን ኀዘን ከተነገረው ይልቅ ያምናል።

ሰምና ወርቅ የኀዘን ግጥም ውስጥ ሲገባ ፍቅርና ሞት በአንድ ቃል ይኖራሉ። «ቀረ» የሚለውን ይውሰዱ፤ ሳይመጣ መቅረትም፣ ሌላው ሲሄድ መቅረትም በዚሁ ቃል ይነገራል፦

ሁሉም መጣ፣ አንተ ቀረህ፤
ሁሉም ሄደ፣ እኔ ቀረሁ።

መጀመሪያ ሲነበብ የቀጠሮ ወቀሳ ነው። ደግመው ሲያነቡት ሰዎቹ ለምን እንደ መጡና ለምን እንደ ሄዱ ይገባዎታል፤ ለቅሶ ቤት ነው። የግጥሙ ቤት የሚመታው በአንድ ቃል ነው፤ ነገር ግን «ህ» እና «ሁ» ሙሉ ለሙሉ አይገጥሙም። ያ ስንጥቅ መልካም ነው፤ ሁለቱ ሰዎችም ከእንግዲህ አይገጥሙምና። በዚህ በኩል የሚመጣው ጥፋት ወርቅ በሌለበት ወርቅ መቆፈር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሁለተኛው ትርጉም ሰዋስውን ሳይጥስ ቢያንስ በሁለት ስንኝ ላይ ይቁም። በአንድ ቃል ላይ ብቻ ከቆመ የእርስዎ እንጂ የገጣሚው አይደለም።

የማጥበቅና የማላላት ነገር የኀዘን ግጥም ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ ፊደላችን አያሳየውምና። «ሰው ይረሳል» ላልቶ ሲነበብ ሰው ረሺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሰው ሌሎች የሚረሱት ነው። የመጀመሪያው በቀሩት ላይ ወቀሳ፣ ሁለተኛው ለሟቹ ፍርሃት ነው። «እናቴ አለች» ሲላላ ተናገረች፣ ሲጠብቅ በሕይወት ናት። ከመቃብር በኋላ በተጻፈ ግጥም ውስጥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሕይወትና የሞት ርቀት ነው። ሁለቱንም ጮክ ብለው ይሞክሩ፤ ከዙሪያው ጋር የሚስማማውን መርጠው በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ። ሁለቱም ከተስማሙ ገጣሚው ሁለቱንም ፈልጎ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በልብ ማንበቡ ይሻላል፤ ድምፅ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋልና።

ትርጉም ግጥም የሚያነቡ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። አማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ግድ ይለዋል፤ ብዙ ቋንቋ ግን በዚህ ላይ ዝም ይላል። ስለዚህ የሞተው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንዳንዴ የወሰነው ተርጓሚው ነው። በሌላ ቋንቋ ስንኙ መጨረሻ ላይ የነበረውም ቃል ወደ መካከል ገብቶ ግሡ ቦታውን ሊወስድበት ይችላል። ሁለት ትርጉም ካገኙ ጎን ለጎን ያንብቡ፤ የሚለያዩበት ቦታ ዋናው ቦታ ነው።

«ለቀናት አይለቀኝም» ላሉት፤ እዚህ ላይ መጠን ያስፈልጋል። በአንድ መቀመጫ ሁለት ወይም ሦስት ግጥም ይበቃል። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ያንብቡ፦ አንድ ጊዜ በልብ በእርሳስ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው በንግግር ፍጥነት፣ አንድ ጊዜ የስንኙን መጨረሻ ቃላት ብቻ ከላይ ወደ ታች። ሃያ ግጥም በአንድ ሌሊት የሚያነብ ሰው ሃያ ሐዘን አይሰማውም፤ አንድ ትልቅ ጭጋግ ነው የሚይዘው፤ ጭጋጉም ስም ስለሌለው አይወጣም። ስለዚህ ሲጨርሱ «ከፋኝ» ብለው አይለፉት፤ የትኛው እንደሆነ ይሰይሙት። ናፍቆት መመለስን ይጠብቃል። ቁጭት ሊደረግ ሲችል ባልተደረገ ነገር ይነድዳል። ጸጸት በራስ ጥፋት ላይ ይመለሳል። ትካዜ ምክንያቱን አያውቅም፤ የጥንት ግሪኮች ከጥቁር ሐሞት የሚመጣ ነው ሲሉ ስም ያወጡለት ይኸኛው ነው። «ይህ ግጥም ቁጭት ነው፤ እኔ ያለኝ ናፍቆት ነው» ማለት የቻለ አንባቢ ከግጥሙ መውጫ በር አለው። የገጣሚውን የሕይወት ታሪክ አስቀድመው አያንብቡ። ሚስቱ እንደ ሞተችበት ካወቁ እያንዳንዷ ወፍ ሚስቱ ትሆንብዎታለች።

ኀዘኑ የራስዎ ከሆነና አዲስ ከሆነ፣ የእርስዎን የሚመስለውን ግጥም ለጊዜው ያቆዩት። እናት ለሞተችበት ሰው የጓደኛ መለየት ግጥም ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ቁስሉን ሳይነካ ያጅበዋል። ሲመሽ ብቻዎን ከማንበብም ጠዋት ማንበብ ይሻላል። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ወይም ሞትን መመኘት ከመጣ ግን ይህ የአነባበብ ነገር አይደለም፤ መጽሐፉን አስቀምጠው ዛሬውኑ ለሚቀርብዎ ሰው ይንገሩ፣ የጤና ባለሙያም ያነጋግሩ።

ሰው ፊት ማንበብን በተመለከተ፣ ድምፅ የሚሰበረው በዘፈቀደ አይደለም። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጮክ ብለው ይለማመዱ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንደሚሰበር ያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ «አንተ» የዞረው ስንኝ ነው፤ ወይም የመጀመሪያዋ «ነበር»። ያን ቦታ በቀለም ያስምሩበት። ከእርሱ በፊት ያለው ስንኝ መጨረሻ ላይ ሙሉ ትንፋሽ ከሆድ ይውሰዱና ዓይንዎን ከሰው ላይ ወደ ወረቀቱ ያውርዱ። ሰው ፊት እያዩ «አንተ» ማለት ነው ጉሮሮ የሚዘጋው። ግጥሙን ከ20 ስንኝ ባይበልጥ ይምረጡ፤ በንግግር ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። በትልቅ ፊደል፣ በስንኞቹ መካከል ባዶ መስመር ተትቶ፣ በአንድ ገጽ ይታተም። በስንኙ እኩሌታ ላይ ግማሽ ትንፋሽ፣ በስንኙ መጨረሻ ሙሉ ትንፋሽ ይበቃል። ስድስት ስድስቱን እኩል እየረገጡ ካነበቡ እሹሩሩ ይሆናል፤ አድማጩ ቃሉን ትቶ ዜማውን ይሰማል። ያልተዘጋ ግሥ ላይ ድምፅዎን አይጣሉ፤ በዚያው ከፍታ ያቁሙት። ለቅሶን ደግሞ በድምፅዎ አይተውኑ። የሚያለቅስ አንባቢ ለአድማጩ የሚሠራው ሥራ አይተውለትም።

ከተሰበረም ይቅርታ አይጠይቁ። ዝም ይበሉ፤ ሦስት ያህል ይቁጠሩ፤ ከተሰበረበት ቃል ሳይሆን ከስንኙ መጀመሪያ ይነሡ። ከቃሉ ከተነሡ ግሡ ብቻውን ይወድቃል፤ ጉሮሮዎም ያው ቦታ ላይ ይጠብቅዎታል። ሟቹ የቅርብ ሰው ከሆነ ሁለተኛ ቅጂ ለአንድ ሰው ሰጥተው ከጎንዎ ያቁሙት፤ ቀለም ያሰመሩበት ስንኝ በእርሱም ቅጂ ላይ ይሰመር። ወረቀቱን ዝቅ ካደረጉ፣ ከዚያች ስንኝ መጀመሪያ ተነሥቶ እርሱ ይቀጥል።